የአያቴ ሽጉጥ ሁለተኛ ጎራሽ

ሽታው ነው የመለሰኝ እንጂ ስለዚያ ሽጉጥ አንድ መስመር የመጻፍ ሐሳብ አልነበረኝም።

ባለፈው መስከረም፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መስቀልን ከእናቴ ጋር ላሳልፍ አገር ቤት ገባሁ። ቤታችን ከሆሳዕና ወደ ሞርሲቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጓሮ ሁለት የጎረቤት ሴቶች ጉድጓድ ከፍተው ቆጮ ያወጣሉ። ድንጋዩ ተነሥቶ፣ የተነባበረው የእንሰት ቅጠል ተገልጦ፣ ያ ኮምጣጣ ሽታ ግቢውን ሲሞላው ባለሁበት ቀረሁ። ሌላው ሰው ይህን ሲያሸት ክትፎ ያስባል። ለእኔ የሚሸተኝ የጠመንጃ ዘይት ነው።

የመጣሁበት ጉዳይም ራሱ ሽጉጥ ነበር። መሣሪያ ያለው ሁሉ ቀርቦ ያስመዝግብ ተብሏል፤ የአባቴ ሽጉጥ ወደ እኔ ስም እንዲዞር ቅጽ ሰጥተውኛል። ሽጉጡን ከአባቴ ሳጥን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ቅጹን አጠገቡ ዘርግቼ፣ ስሜን ልጽፍ እስክሪብቶ ባነሣሁበት ሰዓት ነው ሽታው የመጣው። ስሜን መጻፍ የተማርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የገዛ ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ "አባ፣ እግሩን ረሳኸው" እያለች ነው ፊደል የቆጠርኩት። ለዚህ ያበቃኝ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ብረት ነው። ብረቱ ብቻ ቢሆን እንኳ ባልከፋኝ፤ ብረቱን የያዙት ሰዎች ናቸው።

ሽጉጡ የአያቴ የሀንዲሶ ነበር። አያቴ በጉልምስናው ሆሳዕና አጠገብ የሚኖር አንድ ፈረንጅ ሐኪም ቤት ዘበኛ ነበር፤ ሐኪሙ አደን ሲወጣ ደግሞ መንገድ መሪው እሱ ነው። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ሽጉጡን ከነሳጥኑ፣ ከነወረቀቱ ሰጠው። መሐሉ የሚሽከረከር፣ ስድስት ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ ነው። ያንን ስድስት ቀዳዳ ያለውን ተሽከርካሪ ብረት በእኛ ቤት ጎራሽ እንለዋለን። ይህን ሽጉጥ ከሌላው የሚለየው ጎራሹ ሁለት መሆኑ ነው፤ አንዱ ለረጅም ጥይት፣ አንዱ ለአጭር። ከአፈሙዙ ሥር ያለችውን ቀጭን ዘንግ ስትስባት ጎራሹ ከጎን ይወጣና መዳፍህ ላይ ያርፋል። ሌላውን ትከታለህ፣ ዘንጓን ትመልሳለህ፣ አለቀ። ያው ሽጉጥ ሌላ ጥይት ይተኩሳል።

ሁለቱ ጎራሾች ለዓይን አንድ ናቸው። አያቴ እንዳይምታታበት የአጭሩ ጥይት ጎራሽ ላይ በሞረድ አንድ ጭረት አድርጎበት ነበር። እኔ ታዲያ ያ ተለይቶ ሳጥን ውስጥ የሚተኛው ጎራሽ ሽጉጡ የወለደው ልጅ ይመስለኝ ነበር።

"አባባ፣ ሲያድግ ሽጉጥ ይሆናል?" ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን።

"ካበላኸው ያድጋል" አለኝ ሳይስቅ።

አበላሁታ። የቂጣ ፍርፋሪ እያደቀቅኩ በስድስቱም ቀዳዳ ጠቀጠቅኩለት። አያቴ ሲያገኘው ግማሽ ቀን ሙሉ በዶሮ ላባና በዘይት እየጠረገ ሰደበኝ፤ ከሰደበኝ በኋላ ግን ለሰው ሁሉ እያወራ ሳቀብኝ።

ሲተኩስ ማየት ነበር። ያ ሽጉጥ በየጥይቱ መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልሳብከው ቃታውን ብትጨምቀውም አይሰማህም። ለችኩል ሰው አይሆንም። አያቴ አጥሩ ላይ ቅል ይሰቅልና ሠላሳ እርምጃ ቆጥሮ ይመለሳል፤ በጎን ያለችውን ትንሽ በር ከፍቶ ጥይቱን አንድ በአንድ ያስገባል። ስድስት ለሚይዘው ሁልጊዜ አምስት ነው የሚሰጠው። መዶሻው የሚያርፍበት ቀዳዳ ባዶ መሆን አለበት፤ ሽጉጡ ከእጅ ቢወድቅ እንዳይተኩስ።

"ባዶዋን አትርሳ፣ ማርቆስ" ይለኛል። "እግርህን የምታተርፍልህ እሷ ናት።"

ከዚያ ይስባል፣ ይተነፍሳል፣ ይተኩሳል። እንደገና ይስባል። ቅሉ ከአምስቱ በአራቱ ይበሳል። ረጅሙን ጥይት ለከርከሮ ያስቀምጠዋል፤ ፈረንጁ ይዞት የመጣ ስለሆነ ሲያልቅ አለቀ ነው። አጭሩ ግን ያኔ ሆሳዕና ዙሪያ ከየትም አይጠፋም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ውርሱን ያካፈሉት ሽማግሌዎች ልብ ያላሉት ይህንኑ ነው።

አያቴ ሐምሌ ላይ ሞተ። ነሐሴ ላይ ሁለቱ ልጆቹ ለውርስ ተቀመጡ። ታላቁ አባቴ ኤርሲዶ ነው። ታናሹ አጎቴ ላምቦሬ ከምባታ አግብቶ አንጋጫ የገባ፣ ድንች የሚነግድ፣ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመራ ሰው ነው። መሬቱ ተከፋፈለ፣ ከብቱ ተከፋፈለ፣ እንሰቱ እንኳ እግር በእግር እየተቆጠረ ተከፋፈለ። ቀረ ሽጉጡ።

"እኔ የበኩር ልጅ ነኝ" አለ አባቴ።

"አማቶቼ ምን ይሉኛል?" አለ አጎቴ። "ከአባቱ ቤት ባዶ እጁን የወጣ ሊሉኝ ነው? አንጋጫ ላይ እኔ እንግዳ ነኝ፣ ኤርሲዶ። አንተ አገርህ ላይ ነህ።"

ዋናው ሽማግሌ አቶ ዴታሞ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ተቀምጦ አንዱን ወገን ሆዱን አስከፍቶ ከተነሣ ሽምግልናው እንደ ፈረሰ ይቆጠራል፤ ሁለቱም እኩል መውሰድ አለባቸው፣ ቢያንስ እኩል የወሰዱ መምሰል አለባቸው። አቶ ዴታሞ ሳጥኑን አስከፍተው ትንሽ አዩት።

"ይህ የሚሽከረከረው ስንት ነው?" አሉ።

"ሁለት።"

"ሁለት!" ፊታቸው በራ። "ታዲያ ምን ያጣላችኋል? እግዚአብሔር ራሱ አካፍሎ ሰጥቷችኋል እኮ!"

ፈረዱ። ሽጉጡ ላዩ ላይ ካለው ጎራሽ ጋር ለአባቴ፤ ሁለተኛው ጎራሽ ከሳጥኑና ከጥይት ቆርቆሮው ጋር ለአጎቴ። ተመረቀ፣ ተጸለየ፣ ተበላ። ሰለሞን እንኳ ሕፃኑን ይቆረጥ አለ እንጂ አልቆረጠውም። እነዚህ ቆርጠው ግማሽ ግማሹን አስታቅፈው ሰደዷቸው።

ሽጉጡ ላይ የነበረው የረጅሙ ጥይት ጎራሽ ነበር። ስለዚህ አባቴ ጥይቱ የማይገኝ ሽጉጥ ወረሰ። አጎቴ ሽጉጥ የሌለው ጥይት ወረሰ። ያኔ ይህን ማንም አልተናገረም። እኔ ራሴ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አቶ ዴታሞ በዓለም ላይ የመጨረሻው አዋቂ ሰው መስለውኝ አፌን ከፍቼ ነበር የማያቸው።

በዚያው መስከረም ሰፈራችን አጠገብ አንደኛ ክፍል ተከፈተ። እናቴ ወስዳ አስመዘገበችኝ። አስተማሪው ቀኝ እጄን በጭንቅላቴ ላይ አሻግሬ ግራ ጆሮዬን እንድነካ አዘዘኝ፤ ጆሮዬን ይዤ ወደ ታች ጎተትኩት። "ይሄ እንኳ ሚስት ሊያገባ ደርሷል" አለና ስሜን ጻፈ። እናቴ ከማዳበሪያ ከረጢት ቦርሳ ሰፋችልኝ። አንድ ደብተር ተገዛልኝ። እስክሪብቶውን የላከልኝ አጎቴ ላምቦሬ ነው፤ ሰማያዊ፣ ክዳኗ ላይ መሰኪያ ያላት። ደብተሩን ለሦስት ቀን ያህል ገልጬ ሳልጽፍበት እያሸተትኩ ከረምኩ።

ከርከሮ ግን ደብተር አያውቅም። በቆሎው ሲያሽት ዝንጀሮው ከገደሉ በቀን ይወጣል፤ ከርከሮው ማለዳና አመሻሽ ላይ እየመጣ የእንሰቱን ሥር ይቆፍራል። አንድ እንሰት ለመድረስ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ ከርከሮ በአንድ ማለዳ አራት ይገለብጣል። አባቴ ሽጉጡን ታጥቆ ወጣ። አያቴ ኪሱ ውስጥ ትቷቸው የሞተ ሰባት ረጅም ጥይት ብቻ ነበረው። አባቴ ሽጉጥ መያዝ እንጂ መተኮስ አያውቅም፤ ቶሎ ቶሎ ይስባል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዷ የጎረቤታችንን ቀፎ መታች፤ በዚያን ቀን ከጸሎት የሚመለሱ ሰዎች በንብ ተበታተኑ። ሰባቱም በሁለት ሳምንት አለቁ። ከርከሮዎቹ ሙሉ ጤና ናቸው።

ከዚያ ሆሳዕና ሄዶ አጭር ጥይት ይዞ መጣ። በረጅሙ ጥይት ጎራሽ ሲከተው ቀለሃው ስለሚቀጥን ልክ ጠጠር ገደል እንደምትገባ ወደ ውስጥ ሾልኮ ወረደ። ቃጫ ጠመጠመበት። መዶሻውን ሳበ፣ ተኮሰ፤ ቀጭ ብቻ። እንደገና ጠመጠመ፤ ቀጭ። እናቴ ከበር ሆና፦

"ሰውዬ፣ ወንድምህን ለምነው" አለችው።

"የራሴን ሽጉጥ ልለምን?"

"ሽጉጥህንማ ይዘኸዋል።"

አጎቴ ዘንድ ሰው ተላከ። መልሱ መጣ፤ "ድርሻዬን አልሸጥም፣ አላውስም። ሽጉጡን ያምጣና በእኔ ጎራሽ አንጋጫ ላይ እንተኩስ።" አባቴም መለሰ፤ "ሽጉጤ ከቤቴ አይወጣም።" አንዱ ሌላውን ስለማያምን ሁለቱ ብረቶች በአንዱ ቤት ከሰነበቱ እዚያው ይቀራሉ ብለው ፈሩ። እንደገና ሽማግሌ ተሰበሰበ። አቶ ዴታሞ እንደገና አንዱንም ላለማስከፋት ፈረዱ። ጎራሹ ማክሰኞ አባቴ ጋ ይምጣ፣ ሐሙስ ወደ ባለቤቱ ይመለስ። ቅዳሜ አጎቴ ገበያ ይውላል፣ እሑድ የጌታ ቀን ነው፤ ስለዚህ በሥራ ቀን ይሁን።

"ማን ያመላልሰው?" ተባለ።

ወንድማማቾቹ አንዱ የሌላውን ደጅ አይረግጥም። አቶ ዴታሞ ዞር ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

"ይህ ልጅ። ልጅ ወገን የለውም፤ ሁለቱም ያምኑታል።"

ተመረቅኩ። ራሴ ላይ እጅ ተጫነ፣ ተጸለየልኝ። ትልቅ ሹመት መሰለኝ! ሰኞ ጠዋት ቦርሳዬን አንግቼ ሌሎቹ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲታጠፉ እኔ ወደ መኪና መንገድ ታጠፍኩ።

ሂሳቡን እናንተ አስሉት። ሰኞ እሄዳለሁ፣ አጎቴ ቤት አድራለሁ፣ ማክሰኞ ጎራሹን ይዤ እመለሳለሁ። ሐሙስ እወስደዋለሁ፣ አድራለሁ፣ ዓርብ ባዶ ቦርሳ ይዤ እመጣለሁ። ረቡዕ ይቀራል። ረቡዕ ዝንጀሮ እጠብቃለሁ።

ከሆሳዕና አንጋጫ የሚያደርሰኝ የአጎቴን ድንች የሚጭን አይሱዙ ነው። ሹፌሩ ባየኝ ቁጥር "ኧረ አምባሳደሩ መጣ! በሩን ክፈቱለት!" እያለ ከኋላ ጆንያ ላይ ይወረውረኛል። አንድ ቀን ቦርሳዬን ፈልፍሎ ጎራሹን አወጣና፦

"ለዚች ነው እንዴ ሁለት ሰው የሚያመላልስህ?" አለ። "ሽጉጧስ?"

"አባቴ ጋ ናት።"

"ይቺስ?"

"የአጎቴ ናት።"

ለረዳቱ እየነገረ እስከ አንጋጫ ሳቀ። እኔ ምን እንዳሳቀው አልገባኝም ነበር።

አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ከመኪና ስወርድ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ ይዞ ይጠብቀኛል። ጎራሹን ከእኔ ተቀብሎ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ከብርጭቆዎቹ መሐል ያስቀምጠዋል። አማቶቹ ሲመጡ ያነሡና ያገላብጣሉ።

"የአባቴ ሽጉጥ ነው" ይላቸዋል።

"የታል ሽጉጡ?"

"ወንድሜ ዘንድ። በአደራ።"

"አጎቴ፣ እዚህ ካልተኮስክበት አባ ጋ ቢሰነብት ምን አለበት?" ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ።

"ቤቴ ካላደረ የእኔ መሆኑ በምን ይታወቃል፣ ማርቆስ?"

እውነቱን ልናገር፣ ያኔ መልስ መስሎኝ ነበር። ከቤቱ ኋላ ትልቅ ትምህርት ቤት አለ። ማለዳ ድንቹ እስኪጫን አጥሩ ላይ ተቀምጬ ልጆቹ ተሰልፈው ሲዘምሩ፣ ከዚያ አንድ ላይ "ሀ ሁ" ሲሉ እሰማለሁ። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነው፤ ውስጧ ደብተር፣ እስክሪብቶና ጎራሽ። የእኔ እኩዮች እስከ መቶ ሲቆጥሩ እኔ ጣቴን በቀዳዳዎቹ እያስገባሁ እስከ ስድስት እቆጥር ነበር። ስድስት ላይ ስደርስ ወደ አንድ እመለሳለሁ።

አባቴስ ምን ሠራበት? ማክሰኞ ከሰዓትና ረቡዕ ይተኩሳል። ከርከሮው ለሁለት ቀን ይሸሻል፣ ሐሙስ ጎራሹ ሲሄድ ይመለሳል። ከርከሮዎቹ የሽማግሌውን ውሳኔ ከእኛ በላይ ያወቁት ይመስሉ ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ማክሰኞ ከአንጋጫ ስመለስ አስተማሪው መንገድ ላይ አገኘኝ።

"አንተ፣ ማርቆስ አይደለህ? የጆሮው ልጅ?"

"ነኝ፣ ጋሼ።"

"ትምህርት ቤት የምትመጣው ልትዳር ስትል ነው? ስማኝ፤ ሰኞ ስም እጠራለሁ። የሌለውን እሰርዛለሁ። ለሌላ ልጅ ቦታ እፈልጋለሁ። ገባህ?"

ገባኝ። መሰረዝ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም፤ በምላጭ ይመስለኝ ነበር። በጓሮ በኩል ገባሁ።

እናቴና ሴቶቹ በዚያን ቀን እንሰት ፍቀው ጉድጓድ እየሞሉ ነበር። በእኛ አገር ወንድ እንሰት ወደሚፋቅበት ቦታ አይጠጋም፤ ያፍራል፣ ይሰደባል። ጉድጓዱ የሴት ነው። ስደርስ ሴቶቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ምንጭ ወርደዋል። ጉድጓዱ ግማሹ ሞልቶ ቅጠሉ ገና አልተከደነም። አሰብኩ ለማለት ይከብዳል፤ እጄ ነው ያሰበው። ጎራሹን አውጥቼ ክንዴን እስከ ክርኔ ሊጡ ውስጥ ሰድጄ ከታች ተውኩት። ቀዝቃዛ ነበር፣ ይዞ አልለቅም አለኝ። ላዩን በችኮላ በመዳፌ ደባብሼ፣ ክንዴን በቅጠል ጠርጌ ወደ ቤት ገባሁ። ጎራሽ ከሌለ መንገድ የለም፤ መንገድ ከሌለ ሰኞ ትምህርት ቤት ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ያስባል።

"የታል?" አለ አባቴ፣ ሽጉጡን ይዞ ደጅ ቆሞ።

"አጎቴ አልሰጠኝም።"

አንድ ቃል ነው የዋሸሁት። ቃሏን ለመመለስ ጊዜ አላገኘሁም። አባቴ "ይኸው! ይኸው! አላልኩም?" እያለ ያኔውኑ ወጣ። ከረቡዕ እስከ ዓርብ እጄን ይዞ ከሽማግሌ ቤት ሽማግሌ ቤት እንደ ፍየል ጎተተኝ። በየቤቱ "ንገራቸው" ይለኛል፤ በየቤቱ እናገራለሁ። እየደገምኩት ስሄድ እኔም ራሴ እያመንኩት መጣሁ። ሐሙስ አንጋጫ ላይ ሲጠብቀኝ የዋለው አጎቴ ነገሩን በሰው ሰማ። ሽማግሌ ተቀጠረ። መቼ? ሰኞ ጠዋት። ምስክሩ ማን ነው? እኔ።

ሰኞ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲመታ እኔ ከአቶ ዴታሞ ፊት ቆሜያለሁ። ደወሉ ደግሞ በደንብ ይሰማል።

"በእነዚህ እጆቼ ቦርሳው ውስጥ ከትቻለሁ!" አለ አጎቴ። ያን የመሰለ የመዝሙር ድምፁ ተሰነጠቀ። "ከጎኑ ሁለት ድንች ጨምሬለታለሁ። ልጁ ይናገር!"

"ልጄ አይዋሽም" አለ አባቴ።

"ማርቆስ፣ ልጄ" አሉ አቶ ዴታሞ። "ወገን የለህም። አጎትህ ሰጥቶሃል ወይስ አልሰጠህም?"

እናቴ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆማ ነበር። አየኋት። መሬት መሬት ታያለች።

"አልሰጠኝም" አልኩ።

አጎቴ አልጮኸም። አልማለም። ኮቱን አንሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ደርሶ አያውቅም። አባቴ ሲቀበር እንኳ ከመቃብሩ ዳር ሆኖ አፈር ጥሎ በዚያው ተመለሰ።

ማክሰኞ ሮጬ ትምህርት ቤት ደረስኩ። አስተማሪው መዝገቡን ከፍቶ በጣቱ አሳየኝ። በላዩ ቀይ መስመር የተሰመረበት ጽሑፍ ነው።

"ይሄ አንተ ነህ" አለኝ።

ስሜ ተጽፎ ያየሁት ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ፤ ማንበብ ስለማልችል ቀዩ መስመር ራሱ ስሜ መሰለኝ። ደብተሬን እንድሰጠው ጠየቀኝ፤ ምናልባት አዝኖልኝ ሊሆን ይችላል። ገለጠው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የዘይት ክብ ታትሟል፤ በክቡ ውስጥ ስድስት ትናንሽ ክቦች። ወረቀቱ ጠጥቶት እስከ አራተኛው ገጽ አልፏል።

"ይሄ ምንድነው?"

"ጎራሽ።"

"አይ!" አለና መለሰልኝ። "በል የሚቀጥለው ዓመት ና።"

የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር አልነበረም። ጎራሽ ስለሌለ ከርከሮውን የሚያባርር ሰው ያስፈልጋል፤ ሰውየው እኔ ሆንኩ። ያን በጋ ሙሉ እንሰቱ ዳር ቆሜ ቆርቆሮ ደበደብኩ። በቀጣዩም ዓመት ደበደብኩ። አባቴ ጥይት የሌለውን ሽጉጥ እየታጠቀ ለቅሶ ይሄድ ነበር።

የካቲት ላይ እናቴ ጉድጓዱን ስትከፍት ከአጥሩ ኋላ ተደብቄ ጠበቅኩ። ጎራሹ ሲወጣ፣ ሴቶቹ ሲጮሁ፣ አባቴ አለንጋ ይዞ ሲሮጥ ታየኝ። ቆጮው ወጣ፣ ተጨመቀ፣ ተጋገረ፣ ተበላ። ምንም የለም። ኮምጣጣው ብረቱን በልቶት እንዳለቀ አመንኩ። ለብዙ ጊዜ ቆጮ ስበላ ብረት ብረት ይለኝ ነበር። ይህን እምነቴን ማንም ስላልጠየቀኝ አላፈረስኩትም፤ ጢም አውጥቼም፣ ልጅ ወልጄም እዚያው ነበር።

እስከ ባለፈው መስከረም ድረስ።

እናቴ እጇን እየታጠበች ገብታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሽጉጥ አየችው።

"ሌላውስ?" አለችኝ።

"የቱ ሌላው?"

"ጭረት ያለው።"

"እማዬ፣ እሱማ ድሮ ጠፋ እኮ።"

ጓዳ ገባች። ስትወጣ በቃጫ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ፈታችው። ቅቤ ለብሷል፤ ፊቱ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ተበሳስቷል፣ ጠቁሯል። ጭረቷ ግን አለች።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከጉድጓዴ ነዋ። ከምንጭ ስንመለስ የክንድ ቦታ ሊጡ ላይ አየሁ። የሴት ክንድ እንዲያ አይቀጥንም።"

"የዚያኑ ቀን?"

"የዚያኑ ቀን።"

"ታዲያ ሰኞ ከኋላ ቆመሽ ስትሰሚኝ…"

"ዝም አልኩ። ብናገር አባትህ ይገድልሃል። ገድሎህም አይቀር፣ ያንን ብረት መልሶ ያሸክምሃል። ይጥፋ፣ ልጄ ይማር አልኩ።"

"እኔም ለዚሁ ነው የቀበርኩት!"

"አውቃለሁ።"

"እና አልተማርኩማ!"

"አልተማርክም" አለች። ጎራሹን በጉርዷ ጠርዝ ትወለውላለች። "ላምቦሬም ሌባ ሆኖ ቀረ።"

መጮህ ፈለግኩ። ማን ላይ ይጮሃል? ሰማንያ ዓመት የሞላት ሴት ላይ? ይህን ሁሉ ዓመት በየመስቀሉ ቅቤ ስትቀባው ኖራለች፤ ለማን፣ ለምን ስላት "ይዝጋል እኮ" አለችኝ። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ጎራሹን በላስቲክ ጠቅልዬ በማግሥቱ መንገድ ገባሁ። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ያኔ ቀን የሚፈጀው ለቁርስ አደረሰኝ።

አጎቴ ላምቦሬ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ዓይኑ ደክሟል። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ጎራሹን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ጣቱን በቀዳዳዎቹ እያስገባ አዞረው፣ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭረቷን ፈለጋት። አገኛት። እዚያው ላይ አቆመ።

"ሐሙስ ነበር እኮ የምትመልሰው" አለኝ።

"ሰጥተኸኝ ነበር፣ አጎቴ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጉድጓድ ውስጥ የቀበርኩትም እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ትምህርት ቤት መግባት ፈልጌ።"

"ገባህ?"

"አልገባሁም።"

ከቤቱ ኋላ የልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ እረፍት ወጥተው ነው መሰለኝ። አጎቴ ፊቱን ወደዚያ አዞረ፤ የተናደደ ሽማግሌ ፊት ነው፣ በእኔ ይሁን በራሱ አላወቅኩም።

"አንተ ሞኝ ልጅ" አለ። "ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔ ጋ አድረህ እዚሁ አስገባህ ነበር። ትምህርት ቤቱ እኮ ከቤቴ ኋላ ነበር።"

"አውቃለሁ" አልኩት። "አጥሩ ላይ ተቀምጬ ነበር መኪና የምጠብቀው።"